ዳጉሳን ቀለሙን ሳይጥሉ ማዘጋጀት፦ ከእህል በረንዳ እስከ ምጣድ

መርካቶ፣ እህል በረንዳ ገብታችሁ ዳጉሳ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ለአረቄ ነው?» የሚል ነው። «ለእንጀራ ነው» ስትሉ ነጋዴው ጥቁሩን ገፋ አድርጎ ነጣ ወዳለው ጆንያ ይወስዳችኋል። ክፋት የለበትም፤ የተሻለውን መስጠቱ ነው። ከተማችን እህልን በንጣቱ ስለሚመዝን፣ ማኛ ጤፍ ከቀይ ጤፍ በላይ እንደሚከበረው ሁሉ ነጭ ዳጉሳም ከጥቁሩ በላይ ይታያል። እኔ የምጽፈው ያንን የተገፋውን ጥቁርና ቀይ ዳጉሳ እንዴት ገዝታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አስፈጭታችሁና አቡክታችሁ እንደምትበሉት ነው። ስለ ዳጉሳ ከሚወራው ጥቅም ብዙው ያለው እዚያው የምንሸሸው ቀለም ውስጥ ነውና።

የዳጉሳ ፍሬ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የምትሆን ድቡልቡል ነገር ናት። ውስጧ ነጭ ስታርች ነው፤ ቀይ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር የምታስመስላት ከላይ የለበሰችው ስስ ቆዳ ናት። ፌኖሊክ የሚባሉት ውሁዶች በአብዛኛው የተጠራቀሙት በዚያች ቆዳ ላይ ነው፦ ፌሩሊክ አሲድ፣ ፕሮቶካቴኩይክ አሲድ፣ ካቴኪን፣ ታኒን። ታኒንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሱ ወይም የወፈረ ሻይ ስትጠጡ ምላስን የሚያኮማትረው እሱ ነው። ተክሉ እነዚህን ያበጀው ለራሱ ነው፤ ከሻጋታና ከተባይ ይከላከሉለታል።

እኛ ስንበላቸው ደግሞ ሌላ ሥራ አላቸው። ሰውነታችን ምግብ ሲያቃጥል ኤሌክትሮን የጎደላቸው፣ አጠገባቸው ካገኙት ሁሉ የሚነጥቁ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ፌኖሊኮች ከራሳቸው ሰጥተው ያበርዷቸዋል፤ አንቲኦክሲዳንት የተባሉትም ለዚህ ነው። ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችንም ያዘገያሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ይህ በዓይን ይታያል፦ ዲፒፒኤች በሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ከዳጉሳ የተጨመቀ ውሁድ ሲጨመር ሐምራዊው እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በብርጭቆ የታየ ነገር ሆድ ውስጥ በዚያው ልክ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ዳጉሳ በላሁ ብሎ መድኃኒቱን እንዲተው አልፈልግም፤ ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው።

አንድ ችግርም አለ። ያው ታኒን፣ ፋይቴት ከሚባል ሌላ የእህል ውሁድ ጋር ሆኖ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን የብረትና የዚንክ ማዕድን አስሮ ይይዛል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ቀለሙን ሳንጥል እስሩን ማላላት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ድርድር ነው።

መግዛት

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ እወርዳለሁ። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ቀለም የሚለየው በቀን ብርሃን እንጂ በሱቅ አምፖል አይደለም።

ከጆንያው ላይ ሳይሆን እጃችሁን አስገብታችሁ ከመሀል ዝገኑ። መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ጥሩ ዳጉሳ ያብረቀርቃል፤ በጣት ሲታሽ ዱቄት አይተውም። አሽትቱት፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው እርጥበት ነክቶታል፣ ተዉት። አንድ ሁለት ፍሬ በፊት ጥርሳችሁ ስበሩ፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከጎጃም፣ ከጎንደር ወይም ከወለጋ መምጣቱን ጠይቁ። ታደሰ ወይም ቦነያ የሚባሉ በምርምር የወጡ ዝርያዎች አሉ፤ ገበያ ላይ ግን እህሉ የሚጠራው በዝርያው ሳይሆን በቀለሙና በመጣበት አገር ነው። ስለዚህ «ጥቁር የጎጃም» ማለት ይበቃል።

ብዙ አትግዙ። ለአራት ሰው ቤት 5 ኪሎ ለመጀመሪያ ከበቂ በላይ ነው።

የሦስት ስኒ ሙከራ

ቀለሙ የእውነት ከቆዳው መሆኑን፣ አቧራ ወይም የአፈር ቅሪት አለመሆኑን የማይበት መንገድ አለኝ። ልጆች ካሉ ጠርታችሁ አሳዩአቸው፤ ደስ የሚል ነገር ነው።

አንድ እፍኝ ዳጉሳ አጥባችሁ አድርቁና በሙቀጫ አድቅቁት። ውስጣቸው ነጭ የሆኑ ሦስት የቡና ስኒዎች ደርድሩ፤ በየአንዳንዱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ። የመጀመሪያውን በተራ ውሃ ሙሉት። ሁለተኛው ላይ ውሃና ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ። ሦስተኛው ላይ ውሃና በሁለት ጣት የተቆነጠረ ቤኪንግ ሶዳ። አማስሉና 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ጥቁር ወይም ቀይ ዳጉሳ ከሆነ ሶዳ ያለበት ስኒ እየጠቆረ ይሄዳል። ሎሚ ያለበት ደግሞ ከተራው ውሃ እንኳ ነጣ ብሎ ይታያል። ፌኖሊኮች ቀለማቸው እንደ ውሃው ኮምጣጣነት ስለሚለዋወጥ ነው። ነጭ ዳጉሳ ላይ ይህንኑ ብታደርጉ ልዩነቱ ትንሽ ነው። መጠን አይለካም፤ ምን እንደያዛችሁ ግን ያሳያል።

ይህ ሙከራ አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ሊጥ ቶሎ እንዲነፋ ብሎ ሶዳ መጨመር ለዳጉሳ አይሆንም። እንጀራው ይጠቁራል፤ ፌኖሊኮቹም በሶዳ ውስጥ ቶሎ ይበላሻሉ። ዳጉሳ የሚወደው ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣውን ደግሞ እርሾ በነፃ ይሰጣችኋል።

ማጽዳትና ማጠብ

ዳጉሳ እብቅ ይበዛዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሰፌድ ይነፈሳል። በረንዳ ላይ ካደረጋችሁት ከታች ልብስ ያሰጣ ጎረቤት አለመኖሩን እዩ። አስቸጋሪው እብቁ ሳይሆን አሸዋው ነው፤ መጠኑ ከፍሬው ጋር ስለሚቀራረብ በወንፊት አይለይም። የሚለየው በውሃ ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃ ሙሉበት፣ በእጃችሁ አዙሩት፣ ፍሬው ገና ተንሳፍፎ እየዞረ ሳለ ከነውሃው ወደ ሌላ ሳፋ ገልብጡ። ግርጌው ላይ የሚቀረውን የመጨረሻ እፍኝ አትመኙት፤ አሸዋው እዚያ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት።

ማጠቡ ፈጠን ይበል። ከቆዳው ጋር ያልተሳሰሩት፣ ነፃ የሆኑት ፌኖሊኮች በውሃ ይሟሟሉ፤ ሳፋ ውስጥ ረስታችሁት ካደረ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ታገኛላችሁ፤ ያ ውሃ ሲደፋ አብሮ የሚደፋ ነገር አለ። (ብቅል ለማድረግ የሚዘፈዘፈው ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።) ከታጠበ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ አስጡት። በጋ ከሆነ ከሰዓት በፊት የተሰጣ ማታ ይደርቃል። ክረምት ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።

ወፍጮ ቤት

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። ዳጉሳ ቆዳው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንደ ስንዴ በቀላሉ አይላጥም፤ በባህሉም ከነቆዳው ነው የሚፈጨው። ይህ ትልቅ ዕድላችን ነው። ዕድሉን የምናበላሸው ቤት ስንመጣ፣ ዱቄቱን በደቃቅ ወንፊት ነፍተን «ገለባውን» ስንጥል ነው። ያ የምንጥለው ጥቁር ብናኝ ከእህሉ ሁሉ ፌኖሊክ የሚበዛበት ክፍል ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ እናቴን ላስደስት ብዬ ዱቄቱን ሁለቴ ነፋሁት፤ እንጀራው ነጣ ብሎ ወጣ። እሷ ያደገችው ጎጃም ነው። አንድ ጊዜ ጎረሰችና ሳህኑን አየት አድርጋ፣ «የዳጉሳው ጣዕም የት ገባ?» አለችኝ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ላሳያት ስሄድ ለጽዳት ሠራተኛዋ በፌስታል ሰጥቼው ነበር።

ለወፍጮ ቤቱ ሁለት ነገር ንገሩ። አንደኛ፣ «አድቅቅልኝ»። ቆዳው በደንብ ከደቀቀ ምላስ ላይ አይሻክርም፤ ለመንፋትም ምክንያት አይኖራችሁም። አስፈላጊ ከሆነ ሁለቴ ይለፍ፤ ግን ዱቄቱ በጣም እንዳይግል በመካከሉ ይቀዝቅዝ። ሁለተኛ፣ በርበሬ ከተፈጨበት ቀጥሎ እንዳይፈጭ። ወረፋ ቢያስጠብቅም ጠብቁ።

ዱቄቱን በ3 ወይም በ4 ሳምንት ጨርሱ። ከነቆዳው የተፈጨ ዱቄት ቅባቱ ከአየር ጋር እየተገናኘ ይበላሻል፣ ፌኖሊኩም እየቀነሰ ይሄዳል። ፍሬው ግን ደርቆ ከተቀመጠ ዓመትም ይቆያል፤ ስለዚህ ፍሬ አስቀምጡ፣ ዱቄት በትንሽ በትንሹ።

እንጀራው

ብቻውን የተጋገረ ዳጉሳ በዕለቱ ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ይሰነጣጠቃል። እኔ እኩል በእኩል ከቀይ ጤፍ ጋር አደርገዋለሁ፦ 1 ኪሎ ዳጉሳ፣ 1 ኪሎ ጤፍ። ጤፉ ልስላሴ ይሰጠዋል።

ዱቄቱን ቡሃቃ ውስጥ ቀላቅላችሁ ለብ ባለ ውሃ አቡኩት፤ ከ2 ሊትር ጀምሩና እያያችሁ ጨምሩ። ዳጉሳ ውሃ የሚጠጣው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ የቀጠነ የመሰላችሁ ሊጥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠነክራል። 1 ኩባያ እርሾ ጨምራችሁ በእጅ በደንብ እሹት፣ ክደኑት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። በበጋ 2 ቀን የሚበቃው ሊጥ በሐምሌ 3 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አታጣድፉት። ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትን የሚሰብር ኢንዛይም ይነቃል፤ የታሰረው ብረትና ዚንክ መላላት ይጀምራል። ከቆዳው ጋር ተሳስሮ ከነበረው ፌኖሊክም የተወሰነው ነፃ ይወጣል። በአንድ ሌሊት የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ይህን ሥራ አልጨረሰም።

ሲደርስ ከላይ የሚያቀርረው ውሃ ከጤፍ ይልቅ ጠቆር ያለ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። ለሚቀጥለው እርሾ 1 ኩባያ አስቀሩ፤ የተረፈውን ግን እስከ ጠብታው አታንቆርቁሩ። የሚሟሟው ነገር እዚያ ውስጥ ስላለ እኔ ግማሹን እዚያው ሊጡ ላይ እመልሰዋለሁ። በጣም ኮምጣጣ የማይወድ ቤተሰብ ካላችሁ አፍስሱት።

አብሲት ለዳጉሳ የግድ ነው። 1 ኩባያ ሊጥ በ3 ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉ፤ ለብ ሲል ወደ ቡሃቃው መልሱ። ዳጉሳ እንደ ስንዴ የሚሳብ ነገር የለውም፤ እንጀራውን የሚያያይዘው ይህ የበሰለ ስታርች ነው። ኩፍ እስኪል 1 ወይም 2 ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ምጣዱን አሰሱና ጋግሩ። ዓይኑ ከጤፍ እንጀራ አነስ ይላል፤ ዓይን ሲያወጣ ክደኑና ዳር ዳሩ ሲነሳ አውጡት። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ያረረ እንዳይመስላችሁ።

ብቅሉና አጥሚቱ

ይህ ክፍል በተለይ ለሕፃናትና ለታመመ ሰው ነው፤ ደግሞም እኔ ከሁሉ የምወደው ሥራ።

ግማሽ ኪሎ የታጠበ ዳጉሳ ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፤ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በደንብ አለቅልቁ። እዚህ ጥቂት ፌኖሊክ ይሄዳል፤ ፋይቴቱም አብሮ ስለሚሄድ ለሕፃን ምግብ ልውውጡ ያዋጣል። እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ የኮባ ቅጠል ካገኛችሁ ከዚያ የተሻለ የለም። ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በእጅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። በ2ኛው ቀን ነጭ ነቁጥ ይታያል፤ በ3ኛው የፍሬውን ያህል ርዝመት ያለው ሥር ያወጣል። እዚያ ላይ አቁሙ።

አፍንጫችሁን እመኑ። ጥሩ ብቅል የአዲስ ዱባ ዓይነት ሽታ አለው። የሚያዳልጥ ከሆነ ወይም አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ነጠብጣብ ካበቀለ ሙሉውን ጣሉት፤ የሻጋታ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። በአንድ ክረምት በጣም ወፍራም አድርጌ ዘርግቼ ግማሽ ኪሎ ጥያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጣት ውፍረት አላሳልፍም።

ብቅሉን በፀሐይ አድርቃችሁ በእጅ አሹት፤ ሥሩ ይረግፋል፣ ንፉት። ከዚያ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ፣ ሽታው እስኪለወጥ ብቻ አሙቁት። እንደ ቆሎ አትቁሉት። ጉልበቱ ያለው ስታርችን በሚፈታው ኢንዛይም ላይ ነው፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ከባድ ሙቀት አይችልም።

አሁን ወደ አጥሚቱ። ተራ የዳጉሳ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እንደ ገንፎ እስኪወፍር አብስሉ፤ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ስጡት። ከእሳት አውርዱና ጥቂት ይቀዝቅዝ፦ እንፋሎቱ ሲቀንስ ግን ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ። ለ2 ኩባያ ገንፎ 1 የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ነስንሳችሁ አማስሉ። ማንኪያውን የሚያቆመው ገንፎ ዓይናችሁ እያየ ይላላል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከማንኪያ ላይ እንደ ማር ይወርዳል። ውሃ አልጨመራችሁም፤ ስለዚህ ልጁ በትንሽ ሆዱ የሚያገኘው ምግብ አልቀነሰም። ከዚያ መልሳችሁ አንድ ጊዜ አፍሉት፤ ብቅል በእጅና በጨርቅ የኖረ ነገር ስለሆነ ይህን እንዳትዘሉ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ይህ ከዚያ በኋላ ነው።

አብሮ የሚበላውና የሚቆየው

ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም ይበልጣል፤ በ100 ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ አለው። የብረት ነገር ግን እንደነገርኳችሁ ታኒኑ ስላለ እርዳታ ይፈልጋል። እርዳታው ቫይታሚን ሲ ነው፦ ከዳጉሳው እንጀራ ጋር ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣ ሎሚ የተጨመቀበት፣ ብዙ ያልበሰለ ጎመን። ደም ማነስ ያለባት ሴት ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ጥቁር ዳጉሳን በየማዕዱ ብቸኛ እህል አታድርጉባት፤ ሐኪም የሰጣትን የብረት ክኒንም ከዳጉሳ ምግብ ጋር አታስውጧት።

የመጨረሻው ቡና ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ቡናና ሻይ የራሳቸው ፌኖሊክ ስላላቸው፣ ከምግብ ጋር ወይም በልታችሁ 1 ሰዓት ሳይሞላ ከጠጣችኋቸው ብረቱን ይይዙታል፤ 1 ሰዓት ሲሞላም ገና ነው። ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድማችሁ ከጠጣችሁ ግን ችግር የለውም። እናቴ ቅዳሜ ስትመጣ ከምሳ በኋላ ቡና ካልፈላ ቤት አልገባሁም ባይ ስለነበረች ተራውን ገለበጥነው። አሁን እንደገባች ጀበናው ይጣዳል፤ ሦስተኛው ወርዶ ረከቦቱ ከተነሳ 1 ሰዓት ሲሞላ ሎሚውን እቆርጣለሁ፣ መሶቡ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።